የሰውነት ሙቀትና ማብረጃው፤ የሕንድ አዩርቬዳና የአገራችን ልማድ

በአማርኛ «ሙቀት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟል። በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ የጅማ መንገድ በሚያልፍበት በአየር ጤና ሠፈር አንድ ሰው «ሰውነቴን አቃጠለኝ» ቢል፥ ከሚሰሙት አንዱ ትኩሳት ነው ይላል፤ ሌላው ቃር ነው ይላል፤ እናቶች ደግሞ «ፀሐይ መትቶት ይሆናል፥ ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ሊቀጥፉ ይነሣሉ። ሦስቱም ስለ ሙቀት ተናገሩ፤ ነገር ግን ስለ አንድ ነገር አልተናገሩም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ የስም መደራረብ ከምን እንደ መጣ፥ በሕመምም ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ነው። ለማነጻጸሪያ የመረጥነው የሕንዱን ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳን ነው፤ ይኸውም የሰውነትን ሙቀት ስለ ማብረድ በሰፊውና በሥርዐት ከጻፉት አንዱ ስለ ሆነ ነው።

አዩርቬዳ በሳንስክሪት ቋንቋ «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። ዋና ዋናዎቹ መጻሕፍቱ በቻራካና በሱሽሩታ ስም የሚጠሩት ሲሆኑ፥ ዛሬም በሕንድ አገር መንግሥት ያወቃቸው ኮሌጆች ያስተምሩታል። እንደዚህ ትምህርት አባባል ዓለሙም ሰውም ከአምስት ነገሮች፥ ማለት ከሕዋ፥ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት የተሠሩ ናቸው። እነዚህም በሰው አካል ውስጥ ሦስት ኃይሎች ይሆናሉ፤ ስማቸውም ቫታ፥ ፒታና ካፋ ነው። ፒታ ጥቂት ውሃ የተቀላቀለበት የእሳት ባሕርይ ነው። ምግብን የሚፈጨው፥ ለዓይን ብርሃንን፥ ለአእምሮም ስለትን የሚሰጠው እርሱ ነው። በልኩ ሲሆን ጤና ነው፤ ሲበዛ ግን ቃር፥ ጥማት፥ ላብ፥ የቆዳ ሽፍታ፥ የዓይን መቅላትና ቍጣ ያመጣል ይላሉ። ቍጣ ከበሽታ ምልክቶች መካከል መቈጠሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በእኛም አገር የተቈጣ ሰው «ደሙ ፈላ» ይባላል።

ማብረጃው በመጀመሪያ ምግብ ነው። ጣፋጭ፥ መራራና አፍ የሚሰበስብ ጣዕም ፒታን ያበርዳል፤ ኮምጣጣ፥ ጨዋማና የሚያቃጥል ጣዕም ያባብሰዋል። ስለዚህ ወተት፥ የነጠረ ቅቤ፥ ኮኮናት፥ ኪያር፥ ሌሊቱን በውሃ ተነክሮ ያደረ ድንብላል ይታዘዛል። ሰንደል ተፈጭቶ በግንባር ላይ ይቀባል። ማታ በጨረቃ ብርሃን መንሸራሸርም ከመድኃኒቱ ይቈጠራል። ሕመሙ ሲጠና በሚያስቀምጥ መድኃኒት ሆድን ማጠብና ደም ማውጣት ይከተላል። እንግዲህ በርበሬው የሚያቃጥለውን፥ እንጀራው ኮምጠጥ ያለውን፥ ወጡ ጨው የገባበትን የአዲስ አበባ ገበታ ለአንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ቢያቀርቡለት፥ ፒታን የሚያባብሰው ሁሉ በአንድ ትሪ ተሰብስቦ አገኘሁት ሳይል አይቀርም።

በአገራችን ተመሳሳይ ሐሳብ የለም ማለት አይቻልም። ሰው ከአራት ባሕርያተ ሥጋ፥ ማለት ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትም አሉ። የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እነዚህን ጽሑፎችና በውስጣቸው የተነሡትን ዕፀዋት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ማሳተም ጀምሯል። ነገር ግን በተራው ሰው አፍ ያለው ነገር ከሕንዱ ይለያል፤ ልዩነቱም በግሡ ይታወቃል። በአዩርቬዳ ሙቀት ከውስጥ ይበዛል፥ ይጠራቀማል፥ ይገነፍላል። በእኛ ዘንድ ግን «ምች መታው»፥ «ብርድ መታው»፥ «ፀሐይ መታው» እንላለን። በሽታው ከውጭ መጥቶ የሚመታ ነገር ነው። ስለዚህም የሕንዱ ሐኪም በሽተኛውን ምን እንደ በላ ሲጠይቀው፥ የእኛ እናት የት እንደ ነበረ፥ ላብ አልቦት ሳለ ወደ ፀሐይ ወጥቶ እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች። የእናቲቱ ጥያቄ ወደ ኋላ እንደምናየው ለዘመናዊው ሐኪም እጅግ የሚጠቅም ጥያቄ ነው።

አሁን ምችን ጠጋ ብለን እንመልከት። ምች ተብሎ የሚጠራው ሕመም ድንገት የሚነሣ የራስ ምታት፥ የሰውነት መሰባበር፥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ በከንፈር ጠርዝ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ ራሱም ምች ይባላል። ምክንያቱ ፀሐይ ነው ይባላል። በአዲስ አበባ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ይህን ሲሰማ ይጠራጠር ይሆናል፤ ምክንያቱም አየሩ ቀዝቃዛ ነው፥ ሌሊቱም ጋቢ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የአየር ሙቀትና የፀሐይ ጨረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከባሕር ጠለል አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር የአልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየር ጤና ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፥ ለምድር ወገብም ቅርብ የሆነ ሠፈር ነው። ከጥላ ወደ ፀሐይ አንድ እርምጃ ሲወጡ የሚሰማው ልዩነት ከፀሐይ ጨረር የመጣ ነው።

የከንፈሩን ቁስል የሚያወጣው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ቫይረስ በልጅነቱ ያገኘዋል፤ ከዚያም ከፊት ነርቭ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልኩን ተደብቆ ይኖራል። ከተደበቀበት የሚያስነሡት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ነው። እንግዲህ እናቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው የፀሐይንና የከንፈር ቁስልን ዝምድና ማስተዋላቸው ትክክል ነበር። ለዚህ አስተዋይነታቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ ምስጋናውንም ያለ ስስት እንሰጣለን።

ነገር ግን ጭንቁ እዚህ ላይ ይጀምራል። ያንኑ ቫይረስ ከተደበቀበት ከሚያስነሡት ነገሮች ሌላው ትኩሳት ራሱ ነው። የሳንባ ምች የያዘው፥ ወባ የያዘው፥ ማጅራት ገትር የያዘው ሰው በትኩሳቱ ምክንያት ከንፈሩ ላይ ያው ቁስል ሊወጣበት ይችላል። ሐኪሞች ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ከንፈሩን አይቶ «ምች ነው» የሚል ሰው፥ የትልቁን በሽታ ምልክት እንደ በሽታው ምክንያት አድርጎ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ትኩሳቱን አላመጣውም፤ ትኩሳቱ ቁስሉን አመጣው። አማርኛችን ሳንባን ለሚያቃጥለው ከባድ በሽታ «የሳንባ ምች» የሚል ስም መስጠቱም ሁለቱን ይበልጥ ያቀራርባቸዋል።

ለምች የሚሰጠው መድኃኒት ዳማከሴ ነው፤ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ኦሲመም ላሚፎሊየም ይባላል፥ የበሶብላ ዘመድ ነው። በአዲስ አበባ በየግቢው ጥግ ከጤና አዳም ጋር ተተክሎ ይታያል፤ በገበያም ይሸጣል። ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተታል፥ ጭማቂው ይቀባል፥ አንዳንዱም ቡና ውስጥ ጨምሮ ይጠጣዋል። የአገራችን ተመራማሪዎች ቅጠሉን በውሃና በአልኮል ዘፍዝፈው ያገኙትን ፈሳሽ ትኩሳት ላስያዟቸው አይጦች ሰጥተው፥ ትኩሳቱን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. አሳትመዋል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ዳማከሴ ባዶ ልማድ እንዳልሆነ ይህ ያመለክታል። ትኩሳትን መቀነስ ግን ትኩሳቱን ያመጣውን ተውሳክ መግደል አይደለም። እንዲያውም ትኩሳቱ ለአንድ ቀን ቢበርድ ቤተ ሰቡ ዳነ ብሎ ሊዘናጋ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ዳማከሴና በፋርማሲ የሚሸጠው ፓራሲታሞል አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው።

ሌላው ልማድ መታጠን ነው። ቅጠል በድስት ይፈላና በሽተኛው ጋቢ ተከናንቦ በእንፋሎቱ ላይ ያጐነብሳል፤ ላብ በላብ ሲሆን «ወጣለት» ይባላል። ቻራካም አዲስ ለጀመረ ትኩሳት ጾምን፥ ማላብን፥ ቀጭን ገንፎና መራራ ነገርን ያዝዛል። ስለ ላብ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 2400 ጁል የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ዐርፎ የተኛ ሰው በሰከንድ 80 ጁል ያህል ሙቀት ያመነጫል። እንግዲህ 100 ግራም ላብ ሙሉ በሙሉ ቢተን 240 ሺህ ጁል ይወስዳል፤ ይህም ሰውነቱ በ50 ደቂቃ የሚያመነጨው ነው። ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ነገር ግን ኃይሉ ያለው በመትነኑ እንጂ በማላቡ አይደለም። ከጋቢ ሥር የሚንጠባጠብ ላብ አይተንም፤ የሚያበርደው ጋቢው ከተገለጠ በኋላ ነው። በሽተኛው ዕረፍት የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው። ሕፃን ልጅን በዚህ ዓይነት ሸፍኖ ማላብ ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ሕፃን ቶሎ ይግላል፥ ውሃውም ቶሎ ያልቃል፥ የፈላው ድስትም ያቃጥለዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የቅቤ ነገር አለ። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ማድረግ ራስን ያበርዳል የሚባለው በእኛም በሕንድም ነው፤ እነርሱ ዘይትም ይጨምራሉ። ቅቤው ሲቀልጥ ከራስ ቅል ሙቀት መውሰዱ እውነት ነው። ስንት ይወስዳል? ሃምሳ ግራም ቅቤ ውስጥ 40 ግራም ያህል ስብ አለ፤ አንዱ ግራም ስብ ሲቀልጥ በግምት 80 ጁል ይወስዳል፤ ድምሩ ወደ 3200 ጁል ይሆናል። ይህም ሰውነት በ40 ሰከንድ የሚያመነጨው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የቅቤው መዓዛ፥ የእጁ ልስላሴና የቀባችው እናት ፍቅር ነው። እነዚህን ማንም አያናንቅም፤ ትኩሳትን ግን በዲግሪ አይቀንሱም።

ወደ ምግቡ ስንመለስ አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። በእኛ ቤት ሆዱን ያቃጠለው ሰው ተነክሮ ያደረ አብሽ ወይም የተልባ ውሃ ይሰጠዋል፤ ሆድን ያለሰልሳል፥ ማቃጠልንም ያበርዳል ይባላል። በአዩርቬዳ ግን አብሽም ተልባም «ሞቃት» ከሚባሉት ወገን ናቸው፤ ፒታ የበዛበት ሰው እንዲርቃቸው ይመከራል። ዘሩ አንድ ነው፤ በአዲስ አበባ ያበርዳል፥ በሕንድ ያሞቃል። በድንብላል ረገድ ሕንዶቹ አብራጅ ነው ሲሉ፥ እኛ በርበሬ ስናዘጋጅ ከሌላው ቅመም ጋር እንጨምረዋለን። እንግዲህ «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» ምግብ የሚባለው በዘሩ ውስጥ እንደ ክብደትና እንደ ቀለም ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ሁለት አገሮች እንዲህ ሊለያዩበት አይችሉም ነበር። ስሙ የሚናገረው ሰው የተሰማውን ነው።

የተሰማው ነገር ሐሰት ነው ማለት ግን አይደለም። በርበሬ ምላስን ሲያቃጥል ቴርሞሜትር ምንም አያሳይም፤ ሆኖም ማቃጠሉ እውነት ነው። የዚህን ምሥጢር ያገኘው አሜሪካዊው ዴቪድ ጁልየስ ነው። በነርቭ ጫፍ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ የሚከፈት አንድ በር አለ፤ በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ቅመም ያንኑ በር ያለ ሙቀት ይከፍተዋል። አንጎልም በሩ በእሳት ይከፈት በበርበሬ አይለይም፤ «ተቃጠልሁ» ይላል። ጁልየስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. አሳትሞ በ2021 ዓ.ም. ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ናና አፍን የሚያቀዘቅዘውም በተመሳሳይ መንገድ፥ የብርድን በር በመክፈት ነው። የአዩርቬዳ ማብረጃዎች ብዙዎቹ በዚህ በተሰማው ሙቀት ላይ ይሠራሉ፤ ቃር ያለበት ሰው በርበሬና ኮምጣጣ ቢተው በእውነት ይሻለዋል። በዚህ ክፍል ምክራቸውን መቀበል አይጐዳም።

ትኩሳት ግን ሌላ ነው። በአንጎል ሥር የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠር ክፍል አለ፤ በጤና ጊዜ 37 ዲግሪ አካባቢ ያቆመዋል። ተውሳክ ሲገባ ይህ ክፍል ልኩን ወደ 39 ወይም ወደ 40 ከፍ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ 37 ዲግሪ ያለው ደም እንደ ቀዘቀዘ ይቈጠራል፤ ሰውየውም ይንቀጠቀጣል፥ ጋቢ ደርቡልኝ ይላል። ስለዚህ እጅግ የበረደው የሚመስለው ሰው ሙቀቱ በመውጣት ላይ ያለ ሰው ነው። ስሜቱና ዲግሪው ተቃራኒ ይናገራሉ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ቩንደርሊሕ የብዙ ሺህ በሽተኞችን ሙቀት ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ ሐኪሞች ከበሽተኛው ቃል ጋር ቴርሞሜትሩን የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። በብብት የተለካ ሙቀት 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ዕቃ ይታወቃል።

በትኩሳት ጊዜ ከሁለቱም ልማዶች የሚወሰድ መልካም ነገር አለ። ዕረፍት፥ ብዙ ውሃ፥ የሕንዶቹ ቀጭን ገንፎና የእኛ አጥሚት ለደከመ ሰው የሚስማሙ ናቸው። መተው ያለባቸውም አሉ፤ ትኩሳት ያደከመውን ሰው በኮሶ ወይም በሌላ መድኃኒት ማስቀመጥ ውሃውን ያሟጥጠዋል፥ በዋግምት ደም ማውጣትም ያለውን ጥቂት ኃይል ይወስድበታል። በጥቅል የሚሸጠውን የአዩርቬዳ መድኃኒት በሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 ዓይነቶች ውስጥ 14ቱ እርሳስ፥ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። ድንብላል በውሃ መንከርና ምን እንደ ተቀመመበት ያልታወቀ ክኒን መዋጥ በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ አይደሉም።

አሁን እናቲቱ «የት ነበርክ» ብላ ወደ ጠየቀችው እንመለስ። አዩርቬዳ ፒታ በዝናቡ ወራት ይጠራቀማል፥ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስትወጣ፥ ሻራድ በሚባለው ወቅት ይገነፍላል ይላል። ሻራድ በእኛ አቈጣጠር ከመስከረም እስከ ኅዳር መጀመሪያ ገደማ ነው። በአገራችንም የወባ ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሁለቱ አገሮች ክረምት ሲወጣ ትኩሳት እንደሚበዛ አይተዋል፤ ሕንዶቹ ፒታ አሉት፥ አባቶቻችን ደግሞ የቆላውን በሽታ «ንዳድ» ብለው ሰየሙት፤ ይኸውም ከ«ነደደ» የወጣ ነው። ያዩት ትክክል ነበር፤ ያልታያቸው በክረምቱ ኵሬ ውስጥ የምትፈለፈለዋ ትንኝ ነበረች። የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ሮናልድ ሮስም እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. ይህን የሠራው በዚያው በአዩርቬዳ አገር በሕንድ፥ ሴከንደራባድ በሚባል ከተማ ነው።

አየር ጤና ደጋ ነው፤ ወባ የሚያስተላልፉት ትንኞች በተለይ የሚበዙት ከ2000 ሜትር በታች ነው። ነገር ግን በሠፈሩ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ በዚያ ነግዶ፥ አጭዶ ወይም ዘመድ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ተውሳኩን በደሙ ይዞ በደጋ ይተኛል። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ተኝቶ ቆይቶ እንደ ገና ይነሣል። ያን ጊዜ ሰውየው ጉዞውን ረስቶታል፤ ትናንት ግን ፀሐይ ላይ መዋሉን ያስታውሳል፥ ከንፈሩም ላይ ቁስል ወጥቶበታል። ቤተ ሰቡ ዳማከሴ ቢያሸተው አይከፋም። በዚያው ቀን ግን ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን መመርመሪያ ትታያለች፤ የወባ ተውሳክ ከተገኘም ዓይነቱ ተለይቶ ይታወቃል፥ ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚያጠፋው መድኃኒት ከሌላው የተለየ ነውና። ወባ ካልሆነም ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ቀርተዋል፤ እነዚህን የምታዛምተው ቅማል ናት፤ ለእርስዋም ደጋው ይስማማታል፥ በብርድ ጊዜ ሰው ልብስ ደርቦ ተጠጋግቶ ይተኛልና።